የጤነኛ ሕፃን አተነፋፈስ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ የልጅ ሳል ወላጅን ቢያስደነግጥ አያስገርምም። ሆኖም የታመመውን ለመለየት አስቀድሞ የጤነኛውን ልጅ ትንፋሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጤነኛ አዋቂ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አራስ ልጅ ግን ከ30 እስከ 60 ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል፤ ይህም በሽታ አይደለም። ሳንባው ትንሽ በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ጥቂት ነው፤ በማደግ ላይ ያለው ሰውነቱ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይሻል። የጎድን አጥንቶቹ ገና ስላልጠነከሩ በአብዛኛው የሚተነፍሰው ከሳንባ በታች ባለው ጡንቻ ነው፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ የሚለውም ለዚሁ ነው። የአየር ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት አክታ እንኳ ያስቸግረዋል።

በውርጌሳም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የሀብሩ ቀበሌዎች የምትኖር እናት ትንፋሽ ለመቁጠር ልዩ መሣሪያ አያስፈልጋትም፤ ሰዓት ያለው ተራ ስልክ ይበቃታል። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ጸጥ ባለበት ጊዜ ልብሱን ገልጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ያለቀሰ ልጅ ትንፋሽ ያሳስታል።

ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የደረቱ የታችኛው ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ ወይም መጥባት ቢያቅተው፣ ቤት ማቆየት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።