ማደንዘዝ፣ ማረጋጋት፣ ማስተኛት፦ ስለ ልጆች የጥርስ ሕክምና ለወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት

የልጅ ጥርስ በሚታከምበት ጊዜ ሐኪሙ ከሦስት ሥራዎች አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለቱን አጣምሮ ይሠራል። የመጀመሪያው ሕመሙን ማጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ፍርሃቱን ማብረድ ነው፤ ሦስተኛው ልጁ የሚደረግለትን ጨርሶ እንዳያውቅ አድርጎ ማስተኛት ነው። ሦስቱም በተለምዶ «ማደንዘዣ» ስለሚባሉ አንዱ ወላጅ ቀላሉን ፈርቶ ልጁን ከሕክምና ያስቀራል፤ ሌላው ከባዱን እንደ ቀላል ቆጥሮ ሳይጠይቅ ይፈርማል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሦስቱን ለይቶ ማሳወቅ ነው። ለይቶ ያወቀ ወላጅ ያለ ምክንያት አይፈራም፤ መጠየቅ የሚገባውንም ሳይጠይቅ አያልፍም።

ሕክምናው ለምን ያስፈልጋል?

ስለ ማደንዘዣ ከመናገራችን በፊት ሕክምናው ራሱ ለምን እንደሚያስፈልግ እንይ። የወተት ጥርስ የምንለው ሕፃን ከስድስት ወር ዕድሜው ገደማ ጀምሮ የሚያበቅለውንና በኋላ ቋሚ ጥርስ የሚተካውን ነው፤ ቁጥሩ 20 ነው። የፊተኞቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ገደማ ይወልቃሉ፤ መንጋጋዎቹ ግን ከ10 እስከ 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ስለዚህ «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል» ተብሎ የተተወ የአራት ዓመት ልጅ መንጋጋ ሌላ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት አፉ ውስጥ ሊኖር ነው። በዚህ መካከል ብስባሹ እስከ ነርቩ ይዘልቃል፤ ድዱ ያብጣል፤ መግል ይቋጥራል፤ ልጁ ምግብና እንቅልፍ ያጣል። ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝም ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሆስፒታል ከሚገቡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የበሰበሰ ጥርስን ማስነቀል ነው። እንግዲህ ሕክምናው አስፈላጊ ከሆነ፣ ልጁ ሳይሠቃይ እንዴት ይታከም ወደሚለው እንለፍ።

አንደኛ፦ ሕመምን ማጥፋት

የአካባቢ ማደንዘዣ ማለት የተወጋበትን አካባቢ ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። ነርቩ የሕመምን መልእክት ወደ አንጎል እንዳያደርስ ለተወሰነ ጊዜ ያግደዋል። ልጁ አልተኛም፤ ያያል፣ ይሰማል፣ በራሱ ይተነፍሳል። በጥርስ ሕክምና በብዛት የሚሠራበት ሊዶኬይን ሲሆን፣ በስዊድን ተቀምሞ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ፣ ጠባዩ በሚገባ የታወቀ መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛ፣ ሕመም ጠፋ ማለት ስሜት ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ጥርስ ሲነቀል ልጁ ግፊቱ ይሰማዋል፤ መሣሪያው ሲጮኽም ይሰማል። ስለዚህ ያለቀሰ ልጅ ሁሉ አሞት ነው ማለት አይቻልም፤ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀላል ነው ማለት ልክ የለውም ማለት አይደለም። ለልጆች የጥርስ ሕክምና በአሜሪካ የተቀመጠው የሊዶኬይን ጣሪያ ለአንድ ኪሎ ክብደት 4.4 ሚሊግራም ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ 66 ሚሊግራም ይሆናል። 1.8 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ የ2 በመቶ ብልቃጥ 36 ሚሊግራም አለው። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ብልቃጥ፣ ማለትም 72 ሚሊግራም፣ ለዚህ ልጅ ከልክ ያለፈ ነው። ሐኪሙ ልጁን አስቀድሞ በሚዛን ላይ የሚያቆመው ስለዚህ ነው።

በአጭሩ፣ የአካባቢ ማደንዘዣ ሕመምን ያጠፋል፤ ንቃትን አይነካም፤ ፍርሃትን አያበርድም።

ሁለተኛ፦ ፍርሃትን ማብረድ

ማረጋጋት ማለት የልጁን ፍርሃትና መረበሽ ቀንሶ ሕክምናውን እንዲቀበል ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ማረጋጊያ መድኃኒት አይደለም፤ የሐኪሙ አቀራረብ ነው። ልጆችን ማከም የለመደ ሐኪም የሚያደርገውን አስቀድሞ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል፤ ቀጥሎ መሣሪያውን በጣቱ ላይ ያሳየዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አፉ የሚያስገባው። ብዙ ልጅ በዚህና በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ይታከማል። ይህ ያልበቃው ልጅ ግን በመድኃኒት ሊረጋጋ ይችላል።

ከማረጋጊያ መድኃኒቶች በጣም ቀላሉ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። የአሜሪካው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 ይህን ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቅሏል፤ ዛሬም ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ ጭምብል ይሰጣል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ ልጁ ዘና ይላል፤ ሲያናግሩት ይመልሳል። በመጨረሻ ንጹሕ ኦክስጅን ለአምስት ደቂቃ ያህል ሲሰጠው ጋዙ ከሰውነቱ ይወጣል። በአፍንጫ የሚሳብ ስለሆነ ጉንፋን አፍንጫውን ለደፈነው ልጅ አይሆንም። ሌላው ዓይነት በአፍ የሚዋጥ ፈሳሽ ነው፤ ሚዳዞላም አንዱ ነው። ይህ ከጋዙ ይለያል፤ ጋዙን ሐኪሙ ባስፈለገው ጊዜ መቀነስና መዝጋት ይችላል፤ የተዋጠውን መድኃኒት ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ማረጋጊያ መድኃኒት በሕክምናው ቦታ፣ በባለሙያ ዓይን ሥር እንጂ ቤት ውስጥ አይሰጥም።

የተረጋጋ ልጅ አያመውም ማለት እንዳልሆነም እንወቅ። ማረጋጊያ ፍርሃትን ያበርዳል እንጂ የሚነቀልን ጥርስ ሕመም አያጠፋም፤ ስለዚህ የአካባቢ ማደንዘዣ አብሮ ይሰጣል።

የንቃት ደረጃዎች

ወደ ሦስተኛው ከመሻገራችን በፊት በመካከል ያሉትን ደረጃዎች እንመልከት። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ደረጃዎቹን አራት አድርጎ ደንግጓል፤ መለያቸውም ልጁ ለጥሪ የሚሰጠው ምላሽ ነው። በቀላል ማረጋጋት ልጁ ሲጠሩት እንደ ወትሮው ይመልሳል። በመካከለኛ ማረጋጋት ያንቀላፋል፤ ግን ሲጠሩት ወይም ቀስ ብለው ሲነኩት አውቆ ይመልሳል፤ ትንፋሹም እርዳታ አይፈልግም። በጥልቅ ማረጋጋት በቀላሉ አይነቃም፤ ምላሽ የሚሰጠው ደጋግመው ሲነካኩት ወይም ሲያሙት ብቻ ነው፤ ትንፋሹም እርዳታ ሊያስፈልገው ይችላል። አራተኛው ሙሉ ሰመመን ነው፤ በዚህ ልጁ ሕመም ቢደርስበትም አይነቃም።

በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ግድግዳ የለም። ለአንዱ ልጅ መካከለኛ የሆነው መጠን ሌላውን ልጅ ወደ ጥልቁ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ የታወቀው ሕግ፣ ባለሙያው ካሰበው ደረጃ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የወረደን ልጅ መታደግ የሚችል ይሁን የሚል ነው።

ሦስተኛ፦ ማስተኛት

ሙሉ ሰመመን ማለት የልጁ ንቃት፣ የሕመም ስሜትና እንቅስቃሴ ለጊዜው የሚቋረጥበት ሁኔታ ነው። ትንፋሹ በሰመመን ባለሙያው እጅ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ አፉ ለሥራ ክፍት እንዲሆን መተንፈሻ ቱቦው በአፍንጫ ይገባል። ይህ የሚመረጠው ልጁ በጣም ትንሽ ሲሆንና ብዙ ጥርሱ ሲበላሽ፣ ወይም ጤናው ወይም አእምሮአዊ ሁኔታው ነቅቶ መታከምን ሲከለክለው ነው። ጥቅሙ ሁሉም ጥርስ በአንድ ቀን መታከሙ ነው።

ብዙ ወላጅ የልጁ አእምሮ ይጎዳ እንደሆነ ይጠይቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 የሰጠው ማሳሰቢያ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከሦስት ሰዓት በላይ የቆየ ወይም የተደጋገመ ሰመመን የአንጎልን እድገት ሊነካ ይችላል ይላል፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ አጭር ሰመመን ግን ጉዳት ያደርሳል ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ ጥያቄው ለዚህ ልጅ ያስፈልገዋል ወይ፣ ከተቻለስ በአንድ ጊዜ ያልቃል ወይ የሚለው ነው።

የአደጋው ምንጭ ትንፋሽ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። በልጆች ላይ ከባድ አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው ከትንፋሽ መታወክ ነው። የልጅ ምላስ ከአፉ አንጻር ትልቅ ነው፤ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ቶንሲሉ ያበጠ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ሰውነቱ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ኦክስጅን ይጨርሳል። የጥርስ ሐኪሙ ደግሞ የሚሠራው በዚያው በሚተነፈስበት አፍ ውስጥ ነው፤ ውሃ፣ ደምና ጥጥ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ጥርሱን የሚያክም ሰው በጥልቅ የተረጋጋን ልጅ ትንፋሽ ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም። ሹፌር መሪውን ይዞ ሒሳብ አይሰበስብም፤ ለዚያ ረዳት አለው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያውን የማረጋጋት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ልጆች በጥርስ ሕክምና ላይ ሳሉ ከሞቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው እትሙ በጥልቅ ማረጋጋትና በሙሉ ሰመመን ጊዜ ከጥርስ ሐኪሙ ሌላ፣ በሰመመን የሠለጠነና ሥራው ልጁን መጠበቅ ብቻ የሆነ ባለሙያ ይኑር ይላል። ብሪታንያ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ለጥርስ ሕክምና የሚሰጥ ሙሉ ሰመመን በሆስፒታል ብቻ እንዲሆን ወስናለች። በኢትዮጵያ ሰመመን በአብዛኛው የሚሰጡት በሙያው የሠለጠኑ ሰመመን ሰጪዎች ናቸው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሰውየው ዶክተር መሆኑ ሳይሆን በሙያው መሠልጠኑና ሌላ ሥራ ያልያዘ መሆኑ ነው።

የወላጅ ድርሻ

የተማርነው ወደ ሥራ ሲለወጥ አራት ነገር ይሆናል። የመጀመሪያው ሳይደብቁ መናገር ነው፤ ልጁ ሌሊት ያንኮራፋ እንደሆነ፣ አስም ወይም የልብ ችግር ካለበት፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ከሆነ ይነገር።

ሁለተኛው ልጁን በባዶ ሆድ ማድረስ ነው። በጥልቅ የተረጋጋ ወይም የተኛ ልጅ ቢያስመልሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በተለመደው መመሪያ ውሃ ሕክምናው ሊጀመር 2 ሰዓት ሲቀረው፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው፣ የላም ወተትና ቀላል ምግብ 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ወተትና አጥሚት ቢጠጡም እንደ ምግብ እንጂ እንደ ውሃ አይቆጠሩም። ልጁ አሳዝኖን ጥቂት ካቀመስነው ደግሞ ለሐኪሙ እንናገር፤ ቀጠሮው ቢተላለፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ከሕክምና በኋላ መጠበቅ ነው። የደነዘዘ ከንፈር ለጥቂት ሰዓታት ስለሚቆይ ልጁ ሳያውቀው ሊነክሰው ይችላል። በመኪና ሲመለስ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሹ ሊታፈን ስለሚችል፣ ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

አራተኛው ተረድቶ መፈረም ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ስለ ሰመመን የሚነገረውን ታላቅ ልጃችሁ እንዲተረጉም አታድርጉ።

ሐኪሙ «ማደንዘዣ እንሰጠዋለን» ሲላችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ከሦስቱ የትኛው ነው? ለልጄ ለምን ይህ ተመረጠ? እናንተ ጥርሱን ስታክሙ ትንፋሹን የሚጠብቀው ማን ነው? ለሦስቱ ግልጽ መልስ ስታገኙ ፈርሙ፤ ለሦስተኛው መልስ ካጣችሁ ግን ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ።