በቤት ውስጥ በሚሠሩ ዕቃዎች ንጽሕናን ስለ መጠበቅና ገንዘብን ስለ መቆጠብ

ለቱርሚና ለአካባቢዋ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተዘጋጀ ትምህርት

ሰኞ በቱርሚ፥ ቅዳሜም በዲመካ ገበያ ይቆማል። እናቶች ቅቤ፥ ማር፥ ማሽላና ቅል ይዘው ይወጣሉ፤ ሸጠው በሚያገኙት ገንዘብም ጨው፥ የቡና ገለባና ሳሙና ገዝተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ቤት የሚፈልገው ነገር ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ እናት በልቧ «ይህችን ገንዘብ በምን ዘዴ ላቆያት?» ብላ መጠየቋ አይቀርም።

ስለ ቍጠባ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው በገበያ ተከራክሮ ዋጋ ማስቀነስን ነው። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ቤትን የሚያራቍተው ትልቁ ወጪ በበሽታ በኩል የሚመጣው ነው። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው እናት ውሃ መቅዳቱንም እርሻውንም ትታ ታስታምማለች። በሽታው ከጸና ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም አልፎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወዳለው ወደ ጂንካ ሆስፒታል መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። የመኪና አለ፤ የምግብ አለ፤ የማደሪያ አለ። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ፍየል ተሽጦ ነው። በችግር ቀን የተሸጠ ፍየል ደግሞ በርካሽ ይሄዳል። ፍየል ሌላ ጊዜ ይተካል፤ የሞተ ሕፃን ግን አይተካም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፥ የኅብረተሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ሠራተኞቹን እስከ ቀበሌ አድርሷል። የሁሉም ትምህርት በሽታን ከቤት ደጃፍ መመለስ ከማከም ይቀላል የሚል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናስተምረውም ከቅል፥ ከእንጨት፥ ከገመድ፥ ከአመድና ከፀሐይ፥ ያለ ብዙ ገንዘብ፥ ማንም እናት በእጅዋ ልትሠራው የምትችለውን ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ቢኖር፥ ለእናቱና ለጎረቤቶቿ በሐመርኛ ይተርጕምላቸው።

1ኛ፤ የሁለት ቅሎች ሒሳብ

ወጪውን የማያውቅ ሰው መቆጠብ አይችልም። ጽሕፈት የማታውቅ እናት ግን ሒሳብ መያዝ ያቅታታል ማለት አይደለም። ሁለት ትንንሽ ቅሎች በቤት ውስጥ ስቀሉ። ለንጽሕና፥ ይኸውም ለሳሙና፥ ለሲባጎ፥ ለጀሪካን፥ ገንዘብ ባወጣችሁ ቁጥር በአንደኛው ቅል አንድ ጠጠር ጣሉ። ከቤተ ሰብ አንድ ሰው በተቅማጥ ወይም በዓይን ሕመም በዋለበት ቀን ሁሉ ደግሞ በሁለተኛው ቅል አንድ ጠጠር ጣሉ። ለሕክምና ፍየል ከተሸጠ ትልቅ ድንጋይ አግቡበት።

ወሩ ሲያልቅ ሁለቱንም ዘርግፋችሁ ባልና ሚስት አብራችሁ ቍጠሩ። ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች ሠርታችሁ ሦስት ወር ከተጠቀማችሁ በኋላ እንደ ገና ቍጠሩ። የበሽታው ቅል ቀሎ የተገኘ እንደ ሆነ ቍጠባችሁ ያ ነው።

2ኛ፤ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ

«ውሃ ከሩቅ በጀርባ ተሸክሜ አምጥቼ፥ እጅ በመታጠብ ላፍስሰው?» የምትል እናት ትኖራለች። እውነት አላት። ስለዚህ ውሃ የሚቆጥብ መታጠቢያ እንሥራ። ይህ ዘዴ ከአፍሪካ አገሮች አንዷ በሆነችው በዚምባብዌ ገጠር በመጀመሪያ የተሠራው ከቅል ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው በትንሽ ጀሪካን ይሠራዋል።

ሀ. ንጹሕ ባለ 3 ወይም ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ፈልጉ። ሚስማር በእሳት አግላችሁ ከአንገቱ አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ብሱ።

ለ. ሁለት ባላ እንጨቶች ክንድ በማይሞላ ርቀት አቁማችሁ አጥብቃችሁ ትከሉ። አንድ አግዳሚ እንጨት በጀሪካኑ እጀታ አሳልፋችሁ በባላዎቹ ላይ አጋድሙት።

ሐ. በጀሪካኑ አንገት ገመድ እሰሩ፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ በምድር ላይ ከተጋደመ መርገጫ እንጨት ጋር አያይዙ። መርገጫው ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፥ ውሃውም በቀጭኑ ይወርዳል። እግር ሲነሣ ውሃው ይቆማል።

መ. ሳሙናውን በስታችሁ በሲባጎ አንጠልጥሉት። ዝናብ እንዳያሟሟው በላዩ ግማሽ ቅል ድፉበት። ከቀዳዳው ሥር ምድሩ እንዳይጨቀይ ጠጠር አፍስሱ።

እጅ ዕቃውን ስለማይነካ የአንዱ እድፍ ወደ ሌላው አይተላለፍም። በአንድ ሳፋ ውስጥ ሁሉም እጁን ከሚነክር ይህ እጅግ ይሻላል። እጅ የሚታጠቡበትም ጊዜ ይህ ነው፤ ከዓይነ ምድር መልስ፥ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፥ ምግብ ከመሥራት በፊት፥ ከመብላትና ልጅ ከማጉረስ በፊት። ጠጕርን በቅቤና በቀይ አፈር ማስዋብ የአገር ወግ ነው፤ ተቅማጥ የሚመጣው ካልታጠበ እጅ ነውና ወጋችሁን ተዉ አንልም፥ እጃችሁን ታጠቡ እንላለን።

3ኛ፤ ሳሙናን ማበርከት

አንድ ሳሙና ረዥም ጊዜ እንዲያገለግል ገዝታችሁ እንደ መጣችሁ በቢላዋ ከፋፍሉትና በጥላ አድርቁት። የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅም። የተራረፈውን ቍርጥራጭ አትጣሉ፤ ፍቃችሁ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አሟሙት።

ከዚህም የሚረክስ አለ። 30 ግራም የሚመዝን አንድ ትንሽ ከረጢት የዱቄት ሳሙና በ1 ሊትር ተኩል ውሃ በጥብጡና የጠርሙሱን ክዳን በሚስማር ብሱት። ጥቂት ጠብታ አንድ እጅ ያጥባል፤ አንዱ ጠርሙስም ለብዙ ቀን ይበቃል። ጠርሙሱን ግን ሕፃናት መጠጥ መስሏቸው እንዳያነሡት ከፍ ባለ ቦታ አንጠልጥሉት።

ሳሙና ጨርሶ በጠፋ ቀን አመድ አለ። ከምድጃ የቀዘቀዘና ንጹሕ አመድ በወንፊት ነፍታችሁ ክዳን ባለው ቅል አኑሩ፤ እጅን በአመድና በውሃ አሽታችሁ ታጠቡ። ሳሙና ይበልጣል፤ በባዶ ውሃ ከመታጠብ ግን አመድ ይሻላል።

በደጋ አገር ደግሞ እናቶች ከጥንት ጀምረው ልብስ በእንዶድ ያጥባሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያም እንዶድ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። እንግዲህ የእናቶች የእጅ ሙያ ለሳይንስም ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ እንዶድ መርዝነት ስላለው ከምግብና ከሕፃናት ይራቅ።

በሰኞ ገበያም አምስት ወይም ስድስት ጎረቤቶች ጥቂት ጥቂት አዋጥታችሁ ሳሙናውን በካርቶን ግዙ። በጅምላ የተገዛ፥ አንድ አንድ ከተገዛው ይረክሳልና። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በገበያም ይሠራል።

4ኛ፤ የመጠጥ ውሃ

በበጋ ጊዜ በደረቀው የካስኬ ወንዝ አሸዋ ውስጥ እየተቆፈረ ውሃ ይወጣል። አሸዋው ውሃውን ያጠራዋል፤ ነገር ግን ከብትና ፍየል በዚያው ሲጠጡ እበትና በጠጣቸው ይገባበታል። ስለዚህ የሰው ጕድጓድ ለብቻው ይሁን፤ በእሾህ አጥር ይታጠር፤ መቅጃውም አንድ ንጹሕ ቅል ይሁን።

የተቀዳው ውሃ ድፍርስ ቢሆን አዳር አስቀምጣችሁ አስጠልሉት፤ የጠለለውንም በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጣሩት። ጥርት ማለቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለበት። እርሱን ለመግደል ሁለት ርካሽ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በየማለዳው የምታደርጉት ነው። የቡና ገለባ ለማፍላት ውሃ ትጥዳላችሁ። ገለባው ከመጨመሩ በፊት ውሃው ሲንተከተክ ጥቂት ቀንሳችሁ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ለሕፃናቱ አስቀምጡ። ሌላ እሳት አያስፈልግም፤ እንጨትም ይቆጠባል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። መንገደኛና ቱሪስት የሚጥለውን፥ ልጆቻችሁም «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚለምኑትን የውሃ ጠርሙስ አትጣሉት። ያልተጫጫረ፥ ቀለም የሌለው፥ ከ2 ሊትር የማይበልጥ ይሁን። በሳሙና አጥባችሁ የጠራ ውሃ ሙሉበት፤ ክዳኑን ግጠሙና በጠራራ ፀሐይ 6 ሰዓት አጋድማችሁ አውሉት። ሰማዩ ከግማሽ በላይ በደመና ከተሸፈነ ሁለት ቀን ተከታትሎ ይዋል። ድፍርስ ውሃ በፀሐይ አይነጻም። ለመለየትም የተሞላውን ጠርሙስ በዚህ ጽሑፍ አርእስት ላይ አቁሙና በአፉ በኩል ቍልቍል ተመልከቱ፤ ፊደሉ ካልታያችሁ ውሃው እንደ ገና መጣራት አለበት።

5ኛ፤ የዕቃ ቆጥና የቅል አያያዝ

ቅል ርካሽ ዕቃ ነው፤ በደንብ ከያዙት ብዙ ዘመን ይኖራል። ወተት ወይም ቡና የያዘ ቅል በሙቅ ውሃና በንጹሕ አሸዋ ተፈትጎ፥ ታጥቦ፥ ተደፍቶ በፀሐይ ይድረቅ። የወተቱን ቅል ከታጠበ በኋላ በጢስ ማጠንም መልካም ልማድ ነው። ስንጥቅ ያለበት ቅል እድፍ ስለሚይዝ ለጥራጥሬ እንጂ ለወተት አይሁን።

ዕቃ በምድር ላይ ሲደረደር ውሻና ፍየል ይልሰዋል። ስለዚህ አራት ባላ ተክላችሁ ቀጫጭን እንጨት በማጋደም ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ቆጥ ሥሩ። የታጠበው ዕቃ በዚያ ላይ ይደፋ፤ ፀሐይ ያድርቀው።

6ኛ፤ ዓይንና ዝንብ

ዓይንን የሚያሳውረው ትራኮማ፥ ማለት የዓይን ማዝ፥ በዝንብ፥ በእጅና በጋራ ጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ በይበልጥ የምትራባው በሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ጕድጓድ ቆፍሩ፤ ከእንጨት ክዳን አብጁለት፤ አመድም ነስንሱበት። የልጆችን ፊት በየማለዳው እጠቡ፤ ለአንድ ልጅ ፊት በእፍኝ የሚያዝ ውሃ ይበቃል። ፊት መታጠብ በነጻ የሚገኝ መድኃኒት ነው፤ ዓይን ከጠፋ በኋላ ግን በገንዘብ አይገዛም።

7ኛ፤ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊታመም ይችላል። በተቅማጥ የሚገድለው ከሰውነት ውሃ ማለቁ ነው። ጡት ማጥባትን አታቋርጡ። ከጤና ኬላ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የዚንክ ኪኒን ተቀበሉ። እስክትደርሱ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ጨው ሲበዛ ይጎዳልና ልኩን ጠብቁ። በዚያው ቀን ያላለቀውን ድፉት። ዕድሜው ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ጡቱን ደጋግማችሁ እያጠባችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ዓይኑ ከጎደጎደ፥ መጠጣት ካቃተው፥ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰው፥ ደም ከተቀላቀለበት፥ ወይም ሰውነቱ ከዛለ አትዘግዩ፤ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

8ኛ፤ የማይገባ ቍጠባ

ቍጠባ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘን ጀሪካን ለውሃ መጠቀም፥ ቢታጠብም እንኳ፥ ሞት መግዛት ነው። ከሐኪም የተሰጠውን ኪኒን ግማሹን ለሌላ ጊዜ ማስቀረት በሽታውን ማጠንከር ነው። ፍየሉን በማሰብ የጸናበትን ልጅ በቤት ማቆየትም ቍጠባ አይባልም። በቅልና በገመድ የምንቆጥበው እንዲህ ባለ ቀን ሳንሰስት እንድናወጣ ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ወር ከቤታችሁ ለበሽታ የወጣው ገንዘብ ስንት ሳሙና ይገዛ ነበር?
2. እጅ መታጠብ የሚያስፈልገው መቼ መቼ ነው?
3. የቡና ገለባ ስታፈሉ ለሕፃናት ውሃ የምትቀንሱት በየትኛው ጊዜ ነው? ስለ ምንስ?
4. በፀሐይ የሚነጻ ውሃ አስቀድሞ ምን መሆን አለበት?
5. በሚመጣው ሰኞ ከገበያ ስትመለሱ ከእነዚህ ሥራዎች በመጀመሪያ የትኛውን ትሠራላችሁ? ከጎረቤትስ ማን ያግዛችኋል?