ሰው ያጣ ሰው
(ዮሐ. 5፥1-14)

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። የዕለቱ ወንጌል በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዙሪያ፣ በአምስቱ መመላለሻዎች ሥር ስለተኙት ሕሙማን ይናገራል። መመላለሻ የተባለው እኛ ዛሬ በረንዳ የምንለው ዓይነት ነው። እዚያ ከተኙት አንዱ 38 ዓመት የታመመ ነበር። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው ስለ በሽታው አላወራም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ እንጂ።

ውድ ምእመናን! እኛም ለቅዳሴ ስንሄድ በአጥሩ ሥርና በሱቆች በረንዳ ላይ በላስቲክ ተጠቅልለው ያደሩትን ወገኖቻችንን አልፈን ነው የምንገባው። አምስት ብር፣ ዐሥር ብር እንሰጣለን። ምጽዋቱ መልካም ነው፣ አይቅር። ያ ሰው ግን ዛሬም እዚያው ያድራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲገልጽ እንጀራ በመቁረስ አያበቃም፤ ማደሪያ ያጣውን ድሀ ወደ ቤት ማስገባትንም ይጨምራል። ይቺን ቃል ቶሎ ነው የምናልፋት።

እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር አዲስ አበባ የመጣ፣ ወይም ለጠበል እንጦጦ ማርያም መጥቶ ስንቁ አልቆበት የቀረ ሰው ቤት ለመከራየት ምን ያስፈልገዋል? ገንዘብ ብቻ አይደለም። አከራይዋ መታወቂያ ትጠይቃለች። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻ ያለው ቤት ያለው ነው። ሥራ ሲጠይቅ ዋስ አምጣ ይባላል። ዋስ የሚሆነው የሚያውቀው ሰው ነው፤ እሱን የሚያውቀው ደግሞ በረንዳው ብቻ። መጻጉዕም ያለው ይኸንኑ አይደል?

እንግዲህ በየወሩ የሚገናኝ የጽዋ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ለፋሲካ ነዳያንን ከማብላቱ ጎን ለጎን አንድ ሰው፣ ወይም ልጅ ያዘለች አንዲት እናት ይያዝ። ዐሥራ ሁለት አባላት ካሉ እያንዳንዱ የአንድ ወር ኪራይ ቢችል ዓመቱ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው እየሠራ ቀስ በቀስ ራሱ ይረከባል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አንዱ አባል አከራይዋ ፊት ዋስ ሆኖ ይቁም፤ ሌላው ወረዳ ድረስ አብሮ ሄዶ ይሰለፍ። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ጀሪካኑ ከየቤታችን አይጠፋም።

ከባዱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። ለዓመታት ከሰው ጋር ተደጋግፎ የተኛ ሰው ብቻውን በር ዘግቶ ማደር ይጨንቀዋል። ጓደኞቹም የለመደው ምግብም ያሉት በረንዳው ጋ ነውና ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ያኔ «ድሮም የጎዳና ሰው ቤት አይለምድም» ብሎ ቁልፉን መቀማት ሳይሆን ሄዶ መፈለግ፣ ቤቱም ገብቶ አብሮት ቡና መጠጣት ነው የሚሻለው።

«መጀመሪያ መጠጡን ይተውና ከዚያ ቤት ይሰጠው» የሚሉም አሉ። የወንጌሉን ቅደም ተከተል እናስተውል። ጌታ አስቀድሞ ፈወሰው፤ ዳግመኛ እንዳይበድል የመከረው ኋላ በመቅደስ ሲያገኘው ነው። ነገሩ በሩቅ አገርም ተሞክሯል። ፊንላንድ በ2000 ዓ.ም. ያለ ቅድመ ሁኔታ ቤት የማስቀደም መርሐ ግብር ጀምራ፣ በቀጣዮቹ ዐሥራ አራት ዓመታት የቤት አልባዎቿ ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

እርግጥ ሁሉም ብቻውን መኖር አይችልም። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተጀመረው መቄዶንያ የሚያነሣቸው ጧሪ ያጡ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ተንከባካቢ ይሻሉ። ማኅበሩ አቅሙን ይወቅ።

ደግሞም አባቶች እንደሚተርኩት መጻጉዕ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታ ነው። ጌታም ይህን እያወቀ ነው ከአልጋው ያስነሣው። ቤት ያስገባነው ሰው ባያመሰግነን፣ የኪራዩን ብር ቢያጠፋብን እንኳ ምን ያስደንቃል? በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ሲሰበሰብ የእሱ ኪራይ ከጸሎቱ ቀጥሎ ይነሣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።