ሙታን በማን እጅ ናቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ካለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ብዙዎቻችሁ እዚያ ትኖራላችሁ፤ ልጆቻችሁም የሚማሩት እዚያው ነው። ከተማዪቱ የቅዱስ ማርቆስ መንበር ከተመሠረተባት ከግብጿ እስክንድርያ ጋር የሚያመሳስላት ስሟ ብቻ ነው። የተቆረቆረችው በ1749 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ አገሩ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የትምባሆ ወደብ ሆና ነው። የቀይ ጡብ ቤቶች የተደረደሩበት አሮጌው ሰፈር አሁንም አለ። ማታ ማታ ፋኖስ ያንጠለጠለ፣ የዚያን ዘመን ልብስ የለበሰ አስጎብኚ ሰው አስከትሎ፣ እዚህ ቤት ሙት ይታያል፣ በዚያ ደረጃ ኮቴ ይሰማል እያለ በዚያ ሰፈር ይዞራል። ሃሎዊን ሲቃረብ ደግሞ ወሬው ከልጆቻችን ጋር ቤታችን ድረስ ይገባል። “የሞተ ሰው ተመልሶ ይመጣል ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ። ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ “ተው፣ እንዲህ አይወራም” ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ግን ጥያቄውን ይዞ ይተኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ቀስ ብለን እንመልከተው።

በዚያ ሰፈር ከሁሉ ይበልጥ የሚወራው ስሟ ያልታወቀ የአንዲት እንግዳ ሴት ታሪክ ነው። በ1816 አንዲት ወጣት ታማ ከባሏ ጋር በመርከብ ወደ ከተማዪቱ እንደገባች፣ ዛሬ የጋድስቢ ታቨርን ሙዚየም በሆነው የእንግዳ ማረፊያ እንዳረፈች፣ ባሏም ስሟን ለማንም እንዳይነግሩ አስታማሚዎቿን እንዳስማለ ይተረካል። ኦክቶበር 14 ቀን ሞተች። ከዚያ ወዲህ በ8 ቁጥር ክፍል መስኮት ብርሃን ይዛ ትታያለች ይላሉ። ማንነቷንም ብዙዎች ገምተዋል። አንዳንዱ፣ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው የአሮን በር ልጅ ቴዎዶሲያ ናት ይላል። ቴዎዶሲያ የጠፋችው በባሕር ጉዞ ላይ ነውና ወሬው ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ቴዎዶሲያ የተወለደችው በ1783 ነው፤ በ1816 ብትኖር ኖሮ 33 ዓመት ይሆናት ነበር። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ደግሞ 23 ዓመት ከ8 ወር ነው።

ድንጋዩን ካነሣን አይቀር ቆም ብለን እንየው። የሴትዮዋ መቃብር በዚያው ከተማ በቅዱስ ጳውሎስ መካነ መቃብር ውስጥ ነው። በአጫጭር እግሮች ላይ የተጋደመ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ፊቱ በጽሑፍ ተሞልቷል። ባሏ በእቅፉ ውስጥ የመጨረሻ ትንፋሿ እንደወጣ፣ እርሱም መጽናናት እንዳቃተው አስጽፏል። ስሟን አላስጻፈም። በመጨረሻ ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 43ን አስቀርጿል። ቃሉ ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት የተናገረው ነው፤ በክርስቶስ የሚያምን ሁሉ በስሙ የኃጢአት ስርየት እንደሚያገኝ ነቢያት ሁሉ መመስከራቸውን ያስረዳል። እንግዲህ አስተውሉ። የሚወዳት ሰው የራሷን ስም ሸሽጎ፣ የሚያድነውን ስም በድንጋይ አስቀርጾ ሄደ። ሚስቱን በእግዚአብሔር ምሕረት ላይ ጥሏታል። ወሬው ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ከክፍል ክፍል ያንከራትታታል። እኔ ከሁለቱ አንዱን እመን ብባል የድንጋዩን አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ላሳያችሁ።

ሰው ሲሞት ነፍሱ ከሥጋው ትለያለች። ሥጋ ወደ መሬት ይመለሳል፤ ነፍስ ግን አትሞትም፣ በመንገድም አትቀርም። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥአን ነፍሳት በሲኦል ሆነው ትንሣኤ ሙታንን ይጠብቃሉ። በሁለቱ መካከል “ጉዳይ ስላላት እዚህ ቀረች” የሚባል ሦስተኛ ማደሪያ የለም። መጽሐፈ ጥበብ በምዕራፍ 3 የጻድቃን ነፍሳት በእግዚአብሔር እጅ እንዳሉ ይነግረናል። ስለ ኃጢአተኛውም ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 አስተምሯል። ባለጠጋው በሲኦል ሆኖ አልዓዛር ወደ አባቱ ቤት ተልኮ አምስቱን ወንድሞቹን እንዲያስጠነቅቅለት አብርሃምን ለመነ። የባለጠጋው ልመና ለክፉ አልነበረም፤ ለወንድሞቹ ነፍስ አስቦ ነው። ቢሆንም አልተፈቀደለትም፤ ሙሴና ነቢያት አሏቸው ተባለ። በጎ መልእክት ይዞ ለመመለስ ያልተፈቀደ፣ ደረጃ ላይ ኮቴ ለማሰማት ይፈቀዳልን?

“ሳሙኤል ግን ለሳኦል ታይቶ የለም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 28 ሳኦል ራሱ ከአገር ያባረራቸውን ሙታን ሳቢዎች ፍለጋ፣ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ። የታየው በእውነት ነቢዩ ነው፣ ወይስ በእርሱ አምሳል የመጣ ርኩስ መንፈስ ነው በሚለው ላይ ተርጓሚዎች አንድ ቃል አልተናገሩም። የሳኦል ፍጻሜ ግን አያከራክርም። ከዚያች ሴት ቤት መጽናናት ሳያገኝ ወጣ፤ ወዲያውም በጊልቦዓ ወደቀ። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ከሞተባቸው ምክንያቶች አንዱ መናፍስት ጠሪ መጠየቁ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18ም ሙታን መሳብን ከሟርትና ከአስማት ጋር ደምሮ ይከለክላል።

ሙሴና ኤልያስ በደብረ ታቦር መታየታቸውስ? አዎ፣ ታይተዋል። ቅዱሳንም እግዚአብሔር ሲልካቸው ይታያሉ፤ ገድላቱ ይህን ይመሰክራሉ። የተላከ ቅዱስ ግን በእግዚአብሔር ፈቃድ መጥቶ፣ አምላኩን አክብሮ፣ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ቤት አጥቶ የሚዞር፣ ፋኖስ ባዩ ቍጥር የሚታይ፣ ትኬት ለቈረጠ ሰው የሚገለጥ ቅዱስ የለም።

ታዲያ ሰዎች የሚያዩት ምንድን ነው? ሁሉን ነገር በጋኔን ማሳበብ ልማድ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። አሮጌ ቤት በሌሊት ይንቋቋል፤ እንጨት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ነፋስም በመዝጊያው ይገባል። ሰው አስቀድሞ አስፈሪ ነገር ከተነገረው ጥላም ሰው ይመስለዋል። ሐዋርያት እንኳ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ በሌሊት ባዩት ጊዜ ምትሐት መስሏቸው ጮኸዋል፤ የታያቸው ግን መምህራቸው ነበር። ከትንሣኤውም በኋላ መንፈስ ያዩ በመሰላቸው ጊዜ እጆቹንና እግሮቹን አሳያቸው፣ በፊታቸውም በላ። ፍርሃታቸውን አልነቀፈም ማለት አይደለም፤ ነቀፋው ግን ወደ እርሱ የሚያቀርብ ነበር።

ማታለልም ደግሞ አለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ በጌርጌሴኖን አገር አጋንንት ያደሩባቸው ሁለቱ ሰዎች ከመቃብር የወጡበት ቦታ ሲደርስ ይህንን ጉዳይ ያነሣል። አጋንንት በመቃብር የሚኖሩት የሞቱ ሰዎች ነፍስ ጋኔን ይሆናል የሚል ክፉ አሳብ በሰው ልብ ሊተክሉ ነው ይላል፤ ከሥጋ የተለየች ነፍስ ከእንግዲህ በዚህ ዓለም ልትዞር እንደማይቻላትም ያስተምራል። አባ እንጦንስን አስቡ። ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ የዚያችኛዋ፣ የእውነተኛዋ እስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ። እንጦንስ በመቃብር ቤት ገብቶ ዘጋ። አጋንንት ደበደቡት፣ በአንበሳና በእባብ አምሳል መጡበት። እርሱ ግን ቦታውን አልሸሸም፤ ጸለየ። እኛም አገር “በቀትር ወንዝ ዳር አትሂድ” ሲሉን አድገናል። ለቦታ ሥልጣን እየሰጠን የመስቀሉን ሥልጣን እንዳንረሳ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በዚያችው ከተማ፣ በዱክ ጎዳና ቁጥር 1315 ያለው ቤት ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ከ1828 እስከ 1836 ሰው ሲሸጡ የኖሩበት ነው። ከከተማዪቱ ደቡብ ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከባርነት አምልጠው የመጡ ጥቁሮች ከ1864 እስከ 1869 የተቀበሩበት ስፍራ አለ። ከ1,700 በላይ ሰዎች ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ልጆች። በ1955 በላያቸው ነዳጅ ማደያ ተሠራ። ሰዎች በስም የለሿ ሴት መስኮት ሥር ቆመው ሲንቀጠቀጡ፣ እነዚህ ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ ሳለ መኪና ነዳጅ ይቀዳባቸው ነበር። ማደያው የፈረሰው በዚህ በእኛ ዘመን ነው፤ በ2014 መታሰቢያ ቆመላቸው፣ ስማቸውም በነሐስ ተቀረጸ። ልጆቻችሁን ስለ ሙታን ልታስተምሩ ከፈለጋችሁ በቀን ወደዚያ ውሰዷቸው። ሙትን መፍራትና ሙትን ማክበር የተለያዩ መሆናቸውን እዚያ ያያሉ።

እኛስ ለሞቱት ያለን ምንድን ነው? ፍትሐት አለን፣ በዐርባና በሰማንያ ቀን፣ በሙት ዓመት የምናደርገው ተዝካር አለን፣ በቅዳሴ ስማቸውን ማንሣት አለን፣ ለድኻ መመጽወት አለን። ይህ ሁሉ የሚነገረው ለእግዚአብሔር ነው። የሞተውን አባታችንን “ና፣ አነጋግረን” አንለውም፤ “አምላክ ሆይ፣ ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ አኑርልን” እንላለን። ሐዘን ሲጠና ግን ይህ ይረሳል። እናቷን በቅርቡ የቀበረች ሴት፣ የእናትሽን ድምፅ አሰማሻለሁ የሚላት ሰው ብታገኝ ልቧ መሄዱ አይቀርም። እንዲህ ያለችውን አትገሥጿት። ቤቷ ሂዱ፣ አብራችኋት ተቀመጡ፣ ስለ እናቷ አውሯት፣ ወደ ንስሓ አባቷም አድርሷት።

ልጆቻችሁን በተመለከተ፣ የከተማውን ታሪክ ከትምህርት ቤት ጋር ሄደው ቢሰሙ አትደንግጡ፤ ሲመለሱ ግን የሰሙትን ጠይቋቸው፣ ከሉቃስ 16 ጋርም አብራችሁ አንብቡ። ሙታንን ለመጥራት የሚደረግ የሰሌዳ ጨዋታ፣ ወይም የሙታንን ድምፅ ይቀርጻል የሚባል መሣሪያ ግን ቤት አይግባ፤ በሳቅ ቢጀመርም ሳኦል የጠየቀውን መጠየቅ ነው። በሌሊት ፈርቶ የሚነቃ ልጅ ካለ “ምንም የለም፣ ተኛ” ብላችሁ ብቻ አትመልሱት። አጠገቡ ተቀመጡ፣ በማዕተቡ አማትቡት፣ አቡነ ዘበሰማያት አብራችሁ ድገሙ፤ ጧት ሲነጋ ደግሞ አያቱ ከሞቱ በኋላ የት እንዳሉ ንገሩት።