ለቤት ኤሌክትሪክ ሥራ መሣሪያ ስለ መምረጥ

እንጨት ሲሰነጠቅ ይታያል፣ ቧንቧም ሲያፈስ ወለሉን ያረጥባል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ግን በባሕርዩ ረቂቅ ስለ ሆነና በሽቦው ውስጥ መኖር አለመኖሩ ለዓይን ስለማይገለጥ፣ ይህን ሥራ በገዛ ቤቱ ሊጀምር ያሰበ ሰው፣ ከሚቈርጠውና ከሚያጠብቀው መሣሪያ አስቀድሞ የሚመሰክርለትን መሣሪያ መግዛት ይገባዋል። በየሱቁ የሚታየው ልማድ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ገዢው ፒንሳውንና ካቻቢቴውን እያገላበጠ በዋጋ ሲከራከር ይቈይና ቴስተሩን እንደ ምራቂ ቈጥሮ ሳይመረምር ወደ ኪሱ ይከተዋል።

ካቻቢቴ የሚመስለው ቴስተር በእጀታው ውስጥ ትንሽ የኒዮን አምፑልና ከፍተኛ ሬዚስተር አለው፤ ጫፉ ፌዙን ሲነካና ጣት የኋላውን ብረት ሲጫን፣ በሰውነት በኩል የማይሰማ እጅግ ጥቂት ኮረንቲ ያልፍና አምፑሉ ይበራል። ርካሽ ነው፣ ጠቃሚም ነው፤ ዳሩ ግን ሳይበራ ሲቀር ምስክርነቱ የታመነ አይደለም። የቀን ብርሃን ሊሸፍነው፣ ሠራተኛው በደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ስለ ቆመ የአምፑሉ ብርሃን ሊደክም፣ ወይም አምፑሉ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ አስቀድሞ ኮረንቲ እንዳለው በታወቀ ሶኬት ይፈተናል፣ ቀጥሎ የሚሠራበት ሽቦ ይነካል፣ ኋላም ያው ሶኬት እንደ ገና። ይህም ቢሆን አይበቃም፤ ኒውትራሉ በተበጠሰ መስመር ላይ አንድ አምፑል ማብሪያው እንደ በራ ቢቀር፣ ፌዙ በአምፑሉ አልፎ ስለሚመጣ፣ የሶኬቱ ሁለቱም ቀዳዳዎች ቴስተሩን ያበሩትና ጀማሪውን ያስደነግጡታል።

ሁለተኛው ምስክር እንግዲህ መልቲሜትር ነው። በአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ በላዩ «ካት 3» እና 600 ቮልት የተጻፈበትን መምረጥ መልካም ነው። ቀዩ ገመድ አምፔር በሚለካበት ቀዳዳ ተረስቶ ሳለ ሶኬትን ለመለካት የሚሞክር ሰው ግን ፌዝና ኒውትራልን በቀጥታ እንዳገናኘ ይወቀው።

ወደ ፒንሳና ካቻቢቴ ስንመጣ፣ እጀታው በፕላስቲክ መሸፈኑ ብቻ ከኮረንቲ ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ ብዙው ለመያዣ ምቾት የተደረገ ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራውና የተፈተነው ሁለት የተደራረቡ ሦስት ማዕዘኖችና «1000 ቮልት» የሚል ምልክት አለው። እርሱም ቢሆን ብሬከሩን ከማጥፋት አያድንም። የካቻቢቴው ጫፍ ከብሎኑ ጋር መግጠሙ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ ነገር ነው፤ ካልገጠመ ብሎኑ ሳይጠብቅ ይቀራልና። 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ በላላ ብሎን ሥር ያለው ሽቦ ይግላል፣ ሶኬቱም ከውስጥ እየጠቈረ ይቀልጣል። በጥርስ ወይም በቢላዋ የተላጠ ሽቦ ላይም ያው መዘዝ ይመጣል፤ መዳቡ ዙሪያውን ከተነከሰ በዚያው ቦታ ይቀጥናልና ሲታጠፍ ይሰበራል። ለ1.5 እና ለ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ልክ ያለው መላጫ ከዚህ ያድናል። የሽቦ መሸፈኛው ናስትሮም እሳት የማያቀጣጥለው ዓይነት ይሁን።

የእጅ ድሪልና የመሳሰለው ሲያስፈልግ ከጎረቤት ይገኛል። ለቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ላለው መስመር ግን ባለቤቱ የሚገዛው መሣሪያ የለም፤ ማኅተሙ የመብራት ኃይል ነው፣ የሚከፍቱትም የእርሱ ሠራተኞች ብቻ ናቸው።