ስለ አንጎል ቀዶ ሕክምና ለካህናትና ለምእመናን

የሰው ራስ ተከፍቶ አንጎሉ በሐኪም እጅ ሲነካ ነፍሱም አብራ ትነካለችን? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጉባኤ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒ፥ በቦንጋና በዙሪያው ባለው የቡና አገር የምትኖር እናት፥ የሕፃንዋ ራስ ከዕለት ወደ ዕለት ከልክ በላይ እያደገ፥ የዐይኖቹም ብሌን ወደ ታች እየወረደ ስታይ፥ ሐኪሙም «ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ሲላት፥ ወደ ንስሐ አባቷ መጥታ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ካህኑ የሚመልስላት ቃል የልጁን ዕድሜ ሊወስን ይችላልና ነገሩን አስቀድሞ መርምሮ መያዝ ይገባል።

በመጀመሪያ የሕመሙ ጠባይ ይታወቅ። በአንጎል ውስጥ ባሉት ጓዳዎች ንጹሕ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ሳያቋርጥ ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ይህ ፈሳሽ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከብቦ ከግጭት ይጠብቃል፤ ከዚያም ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ በአፈጣጠር ጉድለት፥ በማጅራት ገትር ወይም በሌላ ምክንያት የተዘጋ እንደ ሆነ ይጠራቀማል፤ የሕፃን ራስ አጥንት ገና አልገጠመምና ራሱ ይሰፋል፥ አንጎሉም ይጨቆናል። እንግዲህ ይህ እርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም የኀጢአት ዕዳ አይደለም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ የርሱንም ሆነ የወላጆቹን ኀጢአት ምክንያት እንዳላደረገ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ይህ ተጽፎ ሳለ ጎረቤትን በመፍራት ልጅን በጓዳ መደበቅ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ሐኪሞች ይህን በሁለት መንገድ ያክማሉ። አንደኛው ከአንጎል ጓዳ እስከ ሆድ ዕቃ ድረስ ከቆዳ በታች ቀጭን ቱቦ መዘርጋት ነው። ሁለተኛው በትንሽ የመመልከቻ መሣሪያ ገብቶ በጓዳው ወለል ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ለፈሳሹ መውጫ መስጠት ነው። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋ ከመተኮስ ጋራ አጣምረው፥ ከሆስፒታል ርቀው ለሚኖሩ ሕፃናት እንዲስማማ ያደረጉት ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ናቸው፤ ይህንም የሠሩት በጎረቤታችን በኡጋንዳ፥ በምባሌ ከተማ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ቱቦ ሊዘጋ ወይም ሊመረዝ ይችላል፤ ቱቦው የተዘጋበት ልጅ ደግሞ በቶሎ ካልታከመ ይሞታል። በቡና ጫካ መካከል ለሚኖር ሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ ሐኪሞችን በዚሁ ሙያ በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እያደገ፥ ሕክምናው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወደ ሌሎችም፥ ወደ ጅማም ጭምር ደርሷል። በሚዛን የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ለከበደው ሕመም በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ፥ አለዚያም ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። ቤተሰቡም «ቡናው ተለቅሞ ይሸጥና ገንዘብ ሲገኝ እንወስደዋለን» ይላል። የተጨቆነ አንጎል ግን የቡና ለቀማን አይጠብቅም። ሰበካ ጉባኤ ለመሣፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ቢያዋጣ፥ ይህ ምጽዋት ካልሆነ ምጽዋት ምንድር ነው?

በዚህ አገር ሌላም አደጋ አለ። በሸካ፥ በከፋና በቤንች ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው በረጃጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ማር ቆራጩ ሊወድቅ ይችላል። ከወደቀ በኋላ ተነሥቶ ሲናገር፥ ውኃም ሲጠጣ ያዩት «ተርፏል፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያስተኙታል። ነገር ግን ከራስ ቅሉ በታች የደም ሥር ተበጥሶ እንደ ሆነ ደሙ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንቅልፍ የሚመስል ሰመመን ይይዘውና በዚያው ይቀራል። በጊዜ ቢደርስ ግን ሐኪሙ አጥንቱን በስቶ ደሙን በማውጣት ሊያድነው ይችላል። ራስን መብሳት የፈረንጅ አዲስ ፈሊጥ ነው የሚል ቢኖር፥ በኬንያ የኪሲ ሕዝብ ባህላዊ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ የተጎዳ የራስ ቅል ሲከፍቱ መኖራቸውን ይወቅ።

አሁን ወደ ነፍስ ጥያቄ እንመለስ። አባቶቻችን ነፍስን ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ይሏታል። በፓሪስ የነበረው ሐኪም ብሮካ ግን እ.ኤ.አ. በ1861 በአንጎል የግራ ወገን የደረሰ ጉዳት ንግግርን እንደሚያጠፋ አሳየ። እንግዲህ ነባቢነት በምላጭ የምትቆረጥ ናትን? አይደለችም። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ሰው አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ፥ አእምሮ በአንድ የሰውነት ክፍል የተወሰነ እንዳልሆነ አስተምሮ ነገሩን በዜማ መሣሪያ መስሎታል። እኛም በበገና እንመስለው፤ ጅማቱ የተበጠሰበት በገና አይደረደርም፥ ደርዳሪው ግን አልሞተም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንደበቱ የተያዘ ሰው ነፍሱ የጎደለች አይደለምና ካህኑ ከአልጋው አይራቅ፤ ዳዊቱን ይድገምለት።

የካናዳው ሐኪም ዊልደር ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሳያስተኛ፥ እያነጋገረ ያክም ነበር፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውምና። በኤሌክትሪክ ሲነካው እጅ ይንቀሳቀሳል፥ የጥንት ትዝታ ይመጣል፤ ሰው እንዲያምን ወይም እንዲወስን የሚያደርግ ቦታ ግን እንዳላገኘ ጽፏል። ብዙ ሰባክያን ይህን በደስታ ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2009 በፈረንሳይ ሌላውን የአንጎል ክፍል ሲነኩት በሽተኞቹ የመንቀሳቀስ ፍላጎት እንዳደረባቸው ታወቀ። ሃይማኖታችንን በአንድ ሐኪም ምርመራ ላይ ባንሰቅለው ይሻላል።

ይህ ማለት ግን የሐኪም እጅ ሁልጊዜ ይታመናል ማለት አይደለም። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1935 የአእምሮ ሕሙማንን የፊት አንጎል ሥሮች ማስቆረጥ ጀመረ፤ በ1949ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአሜሪካ ብቻ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ተደረጉ፤ ብዙዎቹም ሳይፈቅዱ። ጩኸታቸው ጸጥ አለ፤ ከጩኸቱም ጋራ ፈቃዳቸውና ፍቅራቸው ደከመ። በዚህ ዘመን ደግሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈረንሳዊው ቤናቢድ በጀመረው መንገድ ቀጭን ሽቦ በአንጎል ውስጥ እየተተከለ የእጅ መንቀጥቀጥ ይታገሣል፤ ሰውነታቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎችም በተተከለላቸው መሣሪያ በሐሳብ ብቻ ኮምፒዩተር ማዘዝ ችለዋል። ሽባ የሆነውን ማገዝ መልካም ነው። መለኪያው ግን አንድ ይመስለኛል፤ ሥራው የታመመውን ሰው ፈቃድ ነጻ የሚያወጣ ነው ወይስ ለሌሎች ምቾት ሲባል ዝም የሚያሰኝ? በሽተኛው፥ ሕፃን ከሆነም ወላጆቹ፥ ጥቅሙንና አደጋውን በሚያውቁት ቋንቋ ሰምተው ሊፈቅዱ ይገባል። በሚዛን አገር ቤንችኛና ሸክኛ የሚናገር እንጂ አማርኛ የማይሰማ አለና፥ አስተርጓሚ ሳይኖር የተፈረመ ወረቀት ፈቃድ አይባልም።

ጸበልን በተመለከተ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አንዱ ሌላውን ሳይከለክል አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ይህም ለአንጎል ሕመም ይሠራል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ የባሰ መጣልን፥ አንዳንዴም ሞትን ያመጣልና፥ በጸበል ቦታ የሚያገለግል አባት «ተወው» እንዳይል ይጠንቀቅ። የተሰፋው ቁስል እስኪደርቅም ጸበሉ በራስ ላይ አይፈስስ፤ ይጠጣ።

ነርሷ ማተቡን ስትፈታ እናቲቱ ልትደነግጥ ትችላለች፤ ከሕክምና በኋላ እንደሚታሰርለት አስቀድሞ ይነገራት። ወንድ ልጅ አርባ፥ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ሳይሞላቸው ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዛቸው ቀኑን ሳይጠብቁ ማጥመቅ የተፈቀደ ነው፤ ከተጠመቁም በኋላ ጉዞው አይዘግይ። ቱቦ ተደርጎለት የተመለሰ ሕፃን ደግሞ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፥ እንቅልፍ ቢያበዛ፥ እርግብግቢቱም ብትወጠር በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ዕለቱ የበዓል ቀን ቢሆን እንኳ።