በወይብ ወንዝ አጠገብ ያሉ ዛፎች

በትልልቅ ከተማዎች ያሉ ሰዎች ልዩ ልዩ ዕፅዋትን ከየአገሩ ሰብስበው፥ ስማቸውን ጽፈው፥ በአጥር ከልለው ያኖራሉ። እንዲህ ያለው ሥፍራ የዕፅዋት ማዕከል ይባላል፤ በአዲስ አበባም በጉለሌ አንዱ ይገኛል። በባሌ ግን የሰው እጅ ያልተከለው የዕፅዋት ሥፍራ አለ። ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ዲንሾ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በዚያ በኮረብታው ላይ ጥድና ኮሶ አምጃም በአንድነት በቅለዋል፤ በአጠገቡም የወይብ ወንዝ ይፈሳል። ሥፍራው በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው፤ ፓርኩም በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

አንድ አስተማሪ በጥር ወር ተማሪዎቹን ይዞ ወደዚያ ሄደ። ልጆቹ አስቀድመው ያዩት ደጋ አጋዘንን ነበር፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ስለዚህ ስለ ዛፍ ሲነገር የሚሰማ ጠፋ። አስተማሪው ግን አልተቆጣም፤ አጋዘኑ ወደ ጫካው እስኪገባ ድረስ ታገሣቸው፤ ከዚያም ወደ አንዲት ትልቅ ኮሶ ወሰዳቸው።

ከቅርንጫፎቿ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ሽበት ተንጠልጥሎባት ነበር። ኮሶን ኦሮሞዎች ሄጦ ይሏታል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ስሟን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አበባዋ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ የኮሶ ትልን ከሆድ ያወጣልና። ዳሩ ግን መጠኑን ሳያውቅ የጠጣ በመድኀኒቱ ይጎዳል።

አስተማሪውም፥ «ኮሶ ወንድና ሴት አላት፤ ወንዱም ሴቷም ለየብቻቸው ዛፍ ናቸው። ቀላ ያለ አበባ ያላት ሴቷ ናት፤ ዘር የምትሰጥም እርስዋ ብቻ ናት» አላቸው።

አንድ ተማሪ፥ «የኔታ፥ እንግዲያስ ሴቶቹ ሁሉ ቢቆረጡ ወንዱ ብቻውን ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ።

«ቆሞ ያረጃል፤ ልጅ ግን የለውም። አሁን ሂዱና የኮሶ ልጆችን ፈልጉ» አለው።

ልጆቹ ከተጠበቀው ሥፍራ ወጥተው በወንዙ ዳር ፈለጉ። ትልልቅ ኮሶዎች አገኙ፤ ችግኝ ግን አላገኙም። ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጧል፤ መሬቱም በከብት ኮቴ ተረግጧል። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበትን መንደር ይመስል ነበር።

የዛፎች ሥርና የወደቀው ቅጠል የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። ወይብም ከዚህ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ኋላም ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ውሃው ወደ ሶማልያ ይወርዳል። በዚያ ቆላ ግመሉን የሚያጠጣ ሰው ዲንሾን አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን በዲንሾ የሚደረገው ነገር እርሱን ይነካዋል።

በወንዙ ዳር ከብት የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ነበረ። ከተማሪዎቹ አንዱ፥ «ከብቶችህ የኮሶውን ችግኝ ለምን ይበላሉ?» አለው።

እረኛውም፥ «በበጋ ሌላ ሣር ከየት ላምጣላቸው?» ብሎ መለሰለት።

ልጁ ወደ አስተማሪው ተመለከተ። አስተማሪውም ወዲያው የሚመልሰው አልነበረውም፤ የእረኛው ነገር እውነት ነበርና።

እረኛው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ በበትሩ ወደ አንድ የእሾህ ቁጥቋጦ አመለከታቸው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ባዩ ጊዜ፥ የላም አፍ በማይደርስበት በእሾሁ መካከል፥ ቁመታቸው አንድ ክንድ የሚያህል ሁለት የኮሶ ችግኞች በቅለው አገኙ።